እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ

ጠጋ በሉ እስቲ። ቡናው እስኪንተከተክ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ።

እህታችሁ ካርታ አዳይ ናት። እዚህ «ዲለር» ነው የምንባለው። ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ ግማሽ ጨረቃ በመሰለ ጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ ብላክጃክ አጫውታለሁ። መጥታችሁ ብታዩኝ፣ ጠረጴዛውን ከመልቀቄ በፊት የማደርጋት ነገር አለች። ሁለት እጄን ቸብ አደርጋለሁ። መዳፌን ወደ ላይ እዘረጋለሁ። ገልብጬ ጀርባውን አሳያለሁ። ጎብኚው የስንብት ሰላምታ ይመስለዋል። አጸፋውን የሚያጨበጭብልኝም አለ።

ለእሱ አይደለም። ለኮርኒሱ ነው።

ከራሴ በላይ ካሜራ ተተክሏል። «እጄ ባዶ ነው፣ ቺፕ አልሸሸግኩም» ማለቴ ነው። ድሮ፣ ካሜራው ሳይመጣ፣ ከኮርኒሱ በላይ መተላለፊያ ነበር፤ ጠባቂዎች እየተመላለሱ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጠረጴዛውን ቁልቁል ይሰልሉ ነበር። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ይፈተሻል። ካርታው ይፈተሻል። ዳይሱ ይፈተሻል። የተጫዋቹ ብር እንኳ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ካሜራው እያየው ይቆጠራል።

አንዲት ነገር ብቻ ፈታሽ የላትም። ሰውዬው ብሩን ከማስያዙ በፊት ለራሱ የሚላት ዓረፍተ ነገር።

የዛሬው ምስጢራችን እሷ ናት። ሥራ ላይ ሆኜ በየሌሊቱ እሰማታለሁ። ቤቴ ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት ደግሞ እዚያም ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

ሲኤስአይ የሚባለውን የወንጀል ድራማ ታውቁታላችሁ። ሲቢኤስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2000 ጀመረው፤ እስከ 2015 ድረስ ዘለቀ። የከተማችን የወንጀል መርማሪዎች በእጅ ባትሪ ጨለማ ቤት ሲፈትሹ፣ ከአንዲት ፀጉር ተነስተው ገዳይ ሲይዙ ዓለም ሁሉ አየ። እኛም ከሥራ እንደገባን ጫማችንን ሳናወልቅ አየነው።

ትንንሾቹን ምስጢሮች መጀመሪያ ላውጣ። ያ ሁሉ የቬጋስ ሌሊት በአብዛኛው የተቀረፀው እዚህ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላሪታ ውስጥ ነው። የከተማውን መብራት መጥተው ይቀርፁና ይዘውት ይሄዳሉ። ደግሞ እውነተኛው የአሻራና የደም ባለሙያ ማስረጃውን ይሰበስባል፣ ይመረምራል፤ ተጠርጣሪ ፊት ለፊት አስቀምጦ አያናዝዝም። የዲኤንኤ ውጤትም በማስታወቂያ መሃል አይደርስም።

ሦስተኛዋን ግን ስሙኝ፤ የምትጣፍጠው እሷ ናት። ድራማውን የፈጠረው አንተኒ ዙይከር ያደገው እዚሁ ቬጋስ ነው። ከጸሐፊነቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ሚራዥ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚያመላልስ ትራም ይነዳ ነበር። ሚራዥ በ1989 ተከፍቶ በ2024 የተዘጋው፣ ደጃፉ ላይ ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ የነበረው ቤት ነው። ትራሙ ከአንዱ ካሲኖ ወደ ጎረቤቱ ካሲኖ ይሄድ ነበር። አስቡት። እዚህ የተበላውን ሰው እዚያ ብሩን እንዲያስመልስ ይጭነው ነበር።

እንዲህ ያለ ሹፌር ምን ይሰማል? ታክሲ የሚነዱት ወንድሞቻችን ይነግሯችኋል። ከኋላ ወንበር ላይ ምክንያት ሲደረደር ይሰማል።

ለዚህ ይመስለኛል፣ ዙይከር ገና በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሬሳውን ሳይሆን አንዱን መርማሪ እንድናይ ያደረገን። ዋሪክ ብራውን ይባላል፤ ተዋናዩ ጋሪ ዱርዳን ነው። ዋሪክ የቬጋስ ልጅ ነው፣ አያቱ ያሳደጉት። ጎበዝ ነው። ልቡ ጥሩ ነው። ቁማርም ይወዳል።

አሁን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ መጀመሪያ ስታዩት የምታልፏት ቦታ እዚህ ናት። ዋሪክ የጠረጠረውን ሰው ለመያዝ የብርበራ ማዘዣ ያስፈልገዋል። አለቃው አልፈቀደለትም። ስለዚህ በጓሮ በር ዞሮ አንድ ዳኛ ዘንድ ሄደ። ዳኛው ማዘዣውን ሰጡት። በነፃ ግን አይደለም፤ ለእሳቸው ውርርድ እንዲያስይዝላቸው ነው። በዚያው ምሽት ዋሪክ ሥራ ከጀመረች ገና አንድ ቀን ያልሞላት ሆሊ ግሪብስ የምትባል ልጅ በአደራ ተሰጥታው ነበር። የተዘረፈ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቷት ሄደ። ዘራፊው ተመለሰ። ተኮሰባት። በሁለተኛው ክፍል ሞተች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ዋሪክ ከተዘረፈው ቤት ሲወጣ ለራሱ ምን ያለ ይመስላችኋል? «ቁማር ልጫወት፣ ልጅቷ የራሷ ጉዳይ» አለ? በጭራሽ! «አንድ ወንጀለኛ ላስይዝ ነው» ነው ያለው። ለፍትሕ ነው። ደቂቃ አይፈጅም። ውርርዱ እንኳ የእኔ አይደለም፣ የዳኛው ነው።

አያችሁት? ከሦስቱ አንዷም ውሸት አይደለችም።

እንግዲህ ዋናውን ነገር አሁን ልንገራችሁ። ሰው የሚወርደው በመጥፎ ምክንያት አይደለም። መጥፎ ምክንያትማ ያስደነግጠናል፣ ወዲያው እንጥለዋለን። የሚያወርደን ጥሩ ምክንያት ነው፤ ግማሽ እውነት የሆነው፣ እናታችን ብትሰማው እንኳ ራሷን የምትነቀንቅለት። በጠረጴዛዬ ዙሪያ ብሩን ላጥፋ ብሎ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም የሚጫወተው ለአንድ ደግ ነገር ነው።

ሌባ የሆነውን ልጅ ተረት ታስታውሱ የለ? ልጅ ሆኖ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ለእናቱ አመጣ። እናት ጠብሳ አበላችው። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ አደገ። ኋላ መስቀያው ሥር ሲቆም እናቱን አስጠርቶ «ምነው በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» አላት። ይህን ተረት ስንሰማ ሁላችንም እናትየው ላይ እንፈርዳለን። እኔ ግን እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ የማስበው ስለ እንቁላሉ ነው። ያን ቀን ቤት ውስጥ ምግብ አልነበረ ይሆናል። ልጁ እናቱን ሊያበላ ብሎ ይሆናል። እናትም «ለእኔ ብሎ ነው» ብላ ይሆናል። ጥሩ ምክንያት ነበራቸው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ለትዕግሥት የምንጠቅሰው ምሳሌ፣ ቬጋስ ላይ ለጥፋትም ይሠራል። እንቁላሉ እግር ያወጣል። ይሄዳልም።

አሁን ደግሞ የቤቱን ጓዳ ላሳያችሁ። ሰውየው ያቺን ዓረፍተ ነገር ለብቻው አይደለም የሚሠራት። ግማሹን ቤቱ አዘጋጅቶ ያቀብለዋል።

ቺፕስ ለምን እንደሚሰጣችሁ ታውቃላችሁ? ለቆጠራ ስለሚመች ነው፣ እውነት ነው። ሌላም ነገር አለው። መቶ ዶላር ከኪስ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ መጣል ያማል፤ ጥቁር ቺፕ መግፋት ግን አያምም። ቀዩ አምስት ነው፣ አረንጓዴው ሃያ አምስት፣ ጥቁሩ መቶ። ሰውየው ቀለም ሲገፋ ያድራል። ጎሕ ሲቀድ ነው ብር እንደነበረ ትዝ የሚለው። ጎሕ መቅደዱን ካወቀ ነው ደግሞ፤ መስኮት የለም፣ ግድግዳ ላይም ሰዓት አታገኙም።

ከዚያ ነፃ ክፍል ይመጣል፣ ነፃ እራት፣ ነፃ መጠጥ። «ሆቴሉ በነፃ ነው የሰጠኝ» ይላል። ስንት ተበልቶ እንደተሰጠው ማሽኑ መዝግቦታል፤ የአባልነት ካርዱ የተሰጠው ለዚሁ ነው።

ቁልፍ እየተጫኑ የሚጫወቱበትን ማሽን ሄዳችሁ ልብ በሉት። አንድ ዶላር ታስገባላችሁ፣ ሠላሳ ሳንቲም ይመልስላችኋል፣ ከዚያ ሙዚቃው! መብራቱ! ሰባ ሳንቲም የተበላው ሰው እንዳሸነፈ ፈገግ ይላል። ይህን ደጋግሜ አይቼ ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

ሩሌት ላይ ደግሞ ሒሳቡ ግልጽ ነው። መንኮራኩሩ 38 ጉድጓዶች አሉት፤ ከ1 እስከ 36፣ ዜሮና ድርብ ዜሮ። ቁጥራችሁ ቢወጣ ግን 35 እጥፍ ብቻ ነው የሚከፈላችሁ። ሁለቱ ዜሮዎች የቤቱ ቀለብ ናቸው። ከምታስይዙት ከየመቶው ዶላር በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም እዚያው ይቀራል። በእኔው ጨዋታ በብላክጃክ፣ ድሮ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 የሞላለት ሰው በ10 ዶላር 15 ይከፈለው ነበር፤ ዛሬ በብዙ ጠረጴዛዎች 12 ነው። ጠረጴዛው ላይ ተጽፏል። ማንም አያነበውም።

ብሩ ሲያልቅስ? ካሲኖው ለሚያውቀው ሰው ያበድራል፤ «ማርከር» ይባላል። ይፈርማል፣ ቺፑን ይወስዳል። ፊርማውን ግን ልብ በሉልኝ፤ ማርከሩን ካልከፈለ የኔቫዳ ሕግ በቂ ስንቅ እንደሌለው ቼክ ይቆጥረዋል፣ በወንጀልም ያስጠይቀዋል። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ያሉት አባቶቻችን ቬጋስን አላዩም፤ ግን ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈውልናል።

ወደ ድራማው ልመልሳችሁ። ዋሪክን አይታችሁ «ቁማርተኛ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ያላችሁ ካላችሁ፣ ካትሪን ዊሎውስን ላስተዋውቃችሁ። እሷን ሁላችንም እንወዳታለን። ድሮ በምሽት ክበብ ጨፋሪ የነበረች፣ ተምራ መርማሪ የሆነች፣ ልጇን የምታሳድግ ብርቱ ሴት። ሳም የሚባል የካሲኖ ባለቤት ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ሰውየው በግድያ ይጠረጠራል። ካትሪን የሰውየውን ዲኤንኤ ከራሷ ጋር አመሳከረች። ውጤቱ ምን ሆነ? ሳም አባቷ ነው!

ጸሐፊዎቹ እዚህ ላይ በጣም ጎበዞች ናቸው። ካትሪን ማስረጃ አልሸጠችም። ጉቦ ተቀበለች ልትሏት አትችሉም። ኋላ ላይ ግን አባትየው 250 ሺህ ዶላር ቼክ ዘረጋላት። ወሰደችው። ልጅ አላት። አባቷም ነው። ደግሞስ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ሰጥቷት ያውቃል? እኛም ሶፋችን ላይ ሆነን «ውሰጂው፣ ይገባሻል!» አልናት። እኔ ራሴ ብያለሁ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጸሐፊው ካትሪንን እየፈተነ አልነበረም። እኛን እየፈተነን ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለእሷ የጻፍንላት እኛው ተመልካቾቿ ነን። ጥሩ የወንጀል ድራማ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሰውየውን እንድንወደው ያደርገናል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ሲወርድ አብረነው እንወርዳለን፣ እየወረድን መሆናችን ሳይታወቀን።

የመጨረሻዋ ደረጃ የምትታየው በ2008 ነው። ዋሪክ ትዳሩ ፈርሷል፣ ኪኒን ጀምሯል፣ ጌዳ የሚባለውን የክበብ ባለቤት በግሉ ያሳድዳል። ለፍትሕ ነው፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። ጌዳ ተገድሎ ሲገኝ የተከሰሰው ዋሪክ ሆነ። ባልደረቦቹ ሌት ተቀን ሠርተው ነፃ አወጡት። እፎይ ብሎ መኪናው ውስጥ ሲገባ አንድ ሰው ወደ መስኮቱ መጣ። የሸሪፉ ምክትል ጄፍሪ ማኪን። ባለ ኮከቡ። ከጌዳ ወንበዴዎች ጋር የሚሠራው እሱ ነበር። ተኮሰበት። ኦክቶበር 9 ቀን 2008 በተላለፈው ክፍል፣ ዋሪክ በአለቃው በግሪሰም ክንድ ላይ ሞተ።

አንዳንዱ ሰው «የፖሊስ ሁለተኛ አለቃ እንዲህ ያደርጋል? አጋነኑት» አለ። ቬጋስ ውስጥ የምንኖረው ግን አልገረመንም። ከዚያ የባሰ ፊልም ከድራማው በፊት በእውኑ እዚሁ ታይቷል።

ፍራንክ ሮዘንታል የሚባል ሰው ነበር፤ «ሌፍቲ» ይሉታል። በ1970ዎቹ ስታርደስት የሚባለውን ካሲኖ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነበር። ሴት ብላክጃክ አዳዮችን ስታርደስት ውስጥ ቀጥሮ ገበያውን እንዳደራው ይነገርለታል፤ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ የእሱም እጅ አለበት ማለት ነው። ግን የካሲኖ ፈቃድ ተከልክሏል፣ ከተደራጁ ወንበዴዎች ጋር ባለው ግንኙነት። ምን አደረገ መሰላችሁ? ማዕረጉን ቀየረ። አንድ ጊዜ የመዝናኛ ኃላፊ ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ የምግብና መጠጥ። ይባስ ብሎ ከስታርደስት የሚተላለፍ የራሱን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጀመረ! ሱፉን ለብሶ፣ ዝነኞችን እየጋበዘ፣ ለከተማው ፈገግ ይል ነበር።

ከፈገግታው ጀርባስ? በጓዳ በኩል ሚዛን ነበር። የማሽኖቹ ሳንቲም ብዙ ስለሆነ አይቆጠርም፣ ይመዘናል። ሚዛኑ አሳንሶ እንዲመዝን ተደርጎ ነበር። የጎደለው ሳንቲም ለመንግሥት ሳይታይ በድብቅ ወደ ወንበዴዎቹ አለቆች ይሄዳል። ልብ በሉ፤ እጃችን ባዶ መሆኑን ለካሜራ በምናሳይበት ከተማ ሚዛኑ ራሱ ይዋሽ ነበር።

ኦክቶበር 4 ቀን 1982 በሳሃራ ጎዳና ላይ የሮዘንታል ካዲላክ መኪና በቦምብ ፈነዳች። ከመቀመጫው ሥር የነበረ የብረት ሳህን አተረፈው። በ1988 ስሙ ካሲኖ እንዳይረግጡ የተከለከሉ ሰዎች ከሚጻፉበት ከጥቁሩ መዝገብ ገባ። ሮበርት ደ ኒሮ በ1995 «ካሲኖ» ፊልም ላይ የተጫወተው የእሱን ታሪክ ነው። ሮዘንታል የሞተው ኦክቶበር 13 ቀን 2008፣ ዋሪክ በቴሌቪዥን ከሞተ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ስታርደስት በ2007 ፈረሰ፤ ዛሬ ቦታው ላይ ሪዞርትስ ወርልድ የሚባል ካሲኖ ቆሟል።

አሁን ደግሞ እኛን ሐበሾችን የምትነካዋን ላምጣ። ዝግጁ ናችሁ?

ከእኛ በምሥራቅ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ዋልተር ዋይት አለ። የሚኖርበት ድራማ «ብሬኪንግ ባድ» በ2008 ጀምሮ በ2013 አለቀ። የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ ካንሰር ያዘው፣ አደንዛዥ ዕፅ ማብሰል ጀመረ። ለምን? «ለቤተሰቤ።» ሰው እየሞተ «ለቤተሰቤ»። ልጆች እየተጎዱ «ለቤተሰቤ»።

ብዙ ሰው የሚዘነጋት ነገር ግን ገና መጀመሪያ አካባቢ ናት። ሀብታም የሆኑ የድሮ ባልደረቦቹ ሕክምናውን እንክፈልልህ ብለውት ነበር። ሥራም ሊሰጡት ፈልገዋል። እምቢ አለ። ጉዳዩ በእርግጥ የቤተሰብ ከሆነ ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። ኩራቱ እንጂ ቤተሰቡ አልነበረም። ይህን ለሚስቱ ያመነላት በመጨረሻው ክፍል ነው፤ ሁሉም ነገር ካበቃ፣ ስንቱ ሰው ከተቀበረ በኋላ። ለራሴ ነው ያደረግኩት አላት። እውነቷ ስትመጣ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ዘግይታ መጣች እንጂ።

«ለቤተሰቤ ነው።» ይቺን ቃል ማን ከእኛ የበለጠ ያውቃታል? አገር ቤት የሚጠብቁን አሉ። እናት አለች፣ ወንድም አለ፣ የጣራ ቆርቆሮ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። እውነት ናቸው፣ ሁሉም። ስለዚህ ነው የሚያስፈሩኝ።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። ይህን ለብዙ ሰው አልነገርኩም።

ቬጋስ ውስጥ የብዙ ሠራተኞች የደረት ስም ሰሌዳ ላይ የመጡበት ቦታ ይጻፋል። የእኔ ላይ «ኢትዮጵያ» ይላል። አንድ ወንድማችን መጥቶ ተቀመጠ፤ የታክሲ ሹፌር መሆኑን ኋላ ራሱ ነገረኝ። ሰሌዳዬን አየና ፊቱ በራ። «እንደምን አመሸሽ እህቴ» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። እኔ የምሠራበት ቤት ጠረጴዛ ላይ በሌላ ቋንቋ ማውራት አይፈቀድልንም፤ ከተጫዋች ጋር እንዳንመሳጠር ነው። እሱ ግን ያወራኛል። ዕቁብ ወጥቶለታል። እናቱ ቤታቸው ጣራው ያፈሳል፤ ሊያሠራላቸው ነው። ብሩ ትንሽ ጎደለ። «ትንሿን ሞልቼ እነሳለሁ» አለ።

ካርታ በወዝኩ። አደልኩ። ተበላ።

«ይችን ብቻ።» ተበላ።

«ይችን ብቻ እህቴ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።» እኔን እንደሚያስፈቅድ ሰው ነበር የሚያየኝ። አፌ ላይ አንድ ቃል ነበረች፣ «ተነስ»። አላልኳትም። ኮርኒሱን አሰብኩ። አለቃዬን አሰብኩ። «የእኔ ሥራ ማደል ነው፤ እኔ ባልሰጠው ሌላው ይሰጠዋል» አልኩ። እኔም ደግሞ ቤተሰብ አለኝ፣ ከሥራ ብባረር ማን ይደርስላቸዋል?

አያችሁ? እኔም ዓረፍተ ነገሬን አገኘሁ። ጥሩ ምክንያት ነበረኝ። ግማሹ እውነት ነበር።

እረፍቴ ሃያ ደቂቃ ናት። እጄን ቸብ አደረግኩ፣ መዳፌን ለካሜራው አሳየሁ፣ ወጣሁ። ውሃ ጠጥቼ ልፈልገው ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። የካሜራው መዝገብ ላይ እጄ ንጹሕ ነው። ያን ሌሊት ግን ቤቴ ገብቼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው ድራማ የማይበት ዓይኔ የተለወጠው። ገዳዩ ማን ነው ብዬ መጠበቅ ትቻለሁ። ከመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ውስጥ «ለ...ነው» የምትለዋን ቃል አድናለሁ። ለፍትሕ ነው። ለልጄ ነው። ለቤተሰቤ ነው። ለእናቴ ነው። ያን ቃል የሚናገረውን ሰው ምልክት አድርጉበት፤ ጸሐፊው የመውረጃውን መሰላል ያቆመው እዚያ ነው። ሞክሩት፣ ከእኔ ጋር ትስማማላችሁ።

ግሪሰም፣ የዋሪክ አለቃ፣ አንድ ልማድ አለው፤ ሰው የሚለውን ሳይሆን ማስረጃው የሚለውን ይሰማል። ለራሳችን የሚያስፈልገን እሱ ነው። ምክንያታችሁን ለጊዜው አስቀምጡትና ቁጥሩን ጻፉት። ስንት ብር ይዤ ገባሁ? ስንት ይዤ ወጣሁ? ስንት ሰዓት ቆየሁ? ለማን ዋሸሁ? ወረቀት ላይ ሲሰፍር «ለቤተሰቤ ነው» የምትለዋ ቃል ቤተሰቡ ያልደረሰውን ብር ፊት ለፊት ታየዋለች። ቬጋስም ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ በየሰፈሩ ተከፍተው የነበሩትን የስፖርት ውርርድ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ወረፋው ላይ ይቆም የነበረው ልጅ ኪስ ውስጥ የነበረችው ቃል ይቺው ናት።

ብቻውን የማይወጣውም አለ፤ ማፈር የለበትም። ቁማር የያዛቸው ሰዎች ስማቸውን ሳይገልጡ ተገናኝተው የሚረዳዱበት ማኅበር ከ1957 ጀምሮ አለ፤ የተጀመረው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው፣ ዛሬ ቬጋስም ይሰበሰባል። እዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዋልተር ዋይት 62 ክፍል የፈጀበትን ነው፤ እውነቱን ጮክ ብሎ ይናገራል።

ቡናችን ሦስተኛ ደረሰ፤ በረካውን ጠጡና አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። ወንድማችሁ፣ እህታችሁ፣ ባልንጀራችሁ «ይችን ብቻ» ሲላችሁ ብትሰሙ፣ ምክንያቱ ምንም ያህል ደግ ቢሆን፣ በሬው እስኪሰረቅ አትጠብቁ። እኔ በጠረጴዛው ላይ ዝም ማለቴ ዛሬም ያሳድደኛል። እናንተ ግን ካሜራ የለባችሁም፣ ቋንቋም አልተከለከላችሁም። በእንቁላሉ ጊዜ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላችሁ «ተነስ» በሉት።